ቀንድ ያልነው ነገር

ለሚንስተር፣ ማሳቹሴትስ
ጃንዋሪ 21 ቀን 1912

ኦቪድ ወንድሜ፣

ከፋብሪካው በእግርህ እኮ ነው የመጣኸው። ደረጃውን ወጥተህ፣ በረዶውን ከጫማህ አራግፈህ፣ «እሳቱ ፀጉሬን አስተካክሎኝ ሄደ፣ አያምርብኝም?» ብለህ ትንሿን እህታችንን ብላንዲንን አሳቅካት። የአተር ሾርባህንም ጠጣህ። ስታስል አይቼ «ሐኪም ልጥራ?» ብልህ፣ «አንተ ደግሞ! ያልተቃጠለ ሰው ምኑን ያክሙታል? ትንሽ ጭስ ዋጥኩ፣ በቃ» አልከኝ። አመንኩህ። በማግስቱ ተደግፈህ ተቀምጠህ እንኳን መተንፈስ አቃተህ። ሐኪሙ ያ ቡናማ ጭስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ድምፁን አጥፍቶ እንደሚቆይ፣ ከዚያ ሳንባውን በውሃ እንደሚሞላው ነገረን። የነገረን ግን አንተ ካለፍክ በኋላ ነው።

ኮትህ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ካምፎር ይሸታል፣ አንተ ሁልጊዜ እንደምትሸተው። ድሮ በእጅህ አፍንጫዬን ስትይዘኝ «ሂድ ወዲያ፣ ደረቷን በካምፎር የታሸች አሮጊት ትሸታለህ» እልህ ነበር። አሁን ብላንዲን ኮትህ ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች፣ እኔም እንድትወጣ አልነግራትም።

ሳጥንህ ማገዶ ቤት ውስጥ እንዳስቀመጥከው አለ። ማንም አልነካውም።

ለአጎት ቴሌስፎር መርዶውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ወደ ሴንት-ኤሎዋ የሚሄደውን ደብዳቤ ሁልጊዜ የምትጽፈው አንተ ስለነበርክ አጀማመሩ ጠፋኝ። እጄ እንዲፈታ ብዬ ነው መጀመሪያ ላንተ የጻፍኩት።

ሮዜር


ለሚንስተር፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 1912

ለተከበሩት ለአባታችን አጎት ለቴሌስፎር ጋርኖ፣
ሴንት-ኤሎዋ፣ ኩቤክ

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ ደህና፣ ምድጃዎም ሙቅ እንዲሆን እመኛለሁ። የሚጽፍልዎ ሮዜር ነው፣ የኦቪድ ታናሽ። ሌላ የእጅ ጽሑፍ ሲያዩ መቼም ነገሩ ገብቶዎታል። ኦቪድ ባለፈው ሳምንት ዐረፈ። የሚሠራበት የሚዶ ፋብሪካ የመጋዝ ክፍል ውስጥ እሳት ተነሥቶ ጭሱ ጎዳው። አባባ ጎን ቀብረነዋል።

እማዬ ታመሰግንዎታለች። አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላኛለች። ኦቪድ እርስዎ ዘንድ መጥቶ አብሮዎት ሚዶ ለመሥራት ያጠራቀመው አንድ ሳጥን ቀንድ አለ። ግማሹ ያልተቆረጠ ነው፣ ግማሹ ጥርስ ወጥቶለታል። ለእማዬ የጀመረላት ትልቅ የፀጉር ሚዶም እዚያው ውስጥ ነው። ብርዱ በርትቷልና ምን እናድርገው ትላለች።

ከእግርዎ ሥር ሆኜ ቡራኬዎን እጠብቃለሁ።

ሮዜር ጋርኖ


ሴንት-ኤሎዋ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1912

ልጄ ሮዜር፣

በአዲስ ዓመት ጠዋት አባታችሁ ፊት ተንበርክካችሁ ትቀበሉት የነበረውን ቡራኬ፣ ዛሬ እኔ ሽማግሌው በዚህ ወረቀት እልክላችኋለሁ። አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ እናታችሁን ያጽናናልኝ። ተንበርከኩና ተቀበሉ።

ደብዳቤህን ቄሱ ዘንድ ወስጄ ፍታት እንዲደረግለት አድርጌያለሁ። ኦቪድ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ነበር የሥራ ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጦ ፍቅፋቂ የሚለቅመው። አንድ ቀን የበሬ ቀንድ በፈላ ውሃ አለስልሼ ስተረትረው አይቶ «አጎቴ፣ በሬው ያመዋል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቀንድ በቀቀልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አሁንማ እንዴት አድርጌ እንደምቀቅል እንጃ።

ስለ ሳጥኑ ለእናትህ ይህን አንብብላት። ፊሎሜን፣ ቀንዱን ማገዶ ቤት አትተይው። ቀንድ ብርድ ሲመታው በደም ሥሩ በኩል ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ ለምንም አይሆንም። ቤት አስገቢው፣ በሱፍ ጠቅልይው፣ ምድጃው አጠገብ አኑሪው። ሙቀት ሲያገኝ ሰላም ያገኛል። የልጄን እጅ ሥራ በረዶ እንዲበላው አልፈልግም። እኔው እጨርሰዋለሁ።

አጎትህ ቴሌስፎር


ለሚንስተር፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1912

ለተከበሩት አጎቴ፣

ቡራኬዎን ተንበርክከን ተቀብለናል፤ ብላንዲን ሁለት ጊዜ ነው የተንበረከከችው፣ አንዱን ለኦቪድ ብላ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን።

አጎቴ፣ አሁን የምጽፈውን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። እማዬ ምክርዎን ሰምታ ሳጥኑን በገዛ ብርድ ልብሷ ጠቅልላ ከምድጃው ጀርባ አስቀመጠችው። ነገር ግን እዚያ ውስጥ ያለው ቀንድ አይደለም።

እዚህ ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም ሰው «ቀንድ» ይለዋል። በአባቶቻቸው ጊዜ ሚዶ የሚሠራው ከበሬ ቀንድ ስለነበር ስሙ ቀረ። ኦቪድም ሲጽፍልዎ እንደ ሠፈሩ ነው የጻፈው፤ እኔም ባለፈው ሳላስበው እንዲሁ ጻፍኩ። ዕቃው ከጥጥ ነው የሚሠራው። ጥጡን በአሲድ ይነክሩትና ያጥቡታል፣ ከዚያ ከካምፎር ጋር እንደ ሊጥ አቡክተው በጋለ ብረት መሐል ይዳምጡታል። የኤሊ ቅርፊት መልክ ይሰጡታል፣ የዝሆን ጥርስም ያስመስሉታል። እንደ ቀንድ በፈላ ውሃ ይለሰልሳል፣ እንደ ቀንድ ይቆረጣል፣ እንደ ቀንድ ያብረቀርቃል። እሳት ላይ ነው የሚለያዩት። የሳይንስ መምህራችን እንደነገረን ሠራዊቱ መድፍ የሚያጎርሰው የባሩድ ጥጥ የዚህ ታላቅ ወንድም ነው። እሳቱ አየር አያስፈልገውም፤ ቢረግጡት፣ ብርድ ልብስ ቢጥሉበት፣ ከውስጡ መንደዱን ይቀጥላል። ጭሱም ያ ቡናማው ነው።

ኦቪድ ለሚዶው ጥርስ ሲያወጣ መጋዙ ላይ ሁልጊዜ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። በዚያን ቀን ቧንቧው በብርድ ደርቆ ነበር። መጋዙ ጋለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለእማዬ ይህን ሁሉ ነግሬያታለሁ። «አጎትህ ቀንድ መፋቅ ሲጀምር አባትህ እንኳን አልተወለደም» አለችኝ።

«እማዬ፣ አጎቴ ይሄንን ዕቃ አይተውት አያውቁም።»

«ኦቪድ ራሱ በአፉ ቀንድ ነው ያለኝ። ወንድምህ ይዋሸኛል?»

ወደ ማገዶ ቤት ልመልሰው ስነሣ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። እዚያው ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ደገመች። ምን ላድርግ? ከእናቴ ሥር ልጎትተው?

ብላንዲን ደግሞ ኦቪድ የሠራላትን ሚዶ ፀጉሯ ላይ ሰክታ ምድጃው ሥር ትጫወታለች። አውልቂው ስላት እያወናጨፈች ታሳድደኛለች። «ሮዜር ሚዶ ይፈራል! ሚዶ መጣብህ! ሊነክስህ ነው!» እማዬ ከቀብሩ ወዲህ የሳቀችው በዚህ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መቆጣት አቃተኝ።

እውነቷን ነው፣ እፈራለሁ። ክብሪት መጫር እንኳን አልችልም፣ ምድጃውን የምታቀጣጥለው እማዬ ናት። ማታ ፍሙ ሲንጣጣ ከአልጋዬ እነሣለሁ።

እማዬ የምታምነው እርስዎን ብቻ ነው። «ስለ እውነተኛው ቀንድ ነው የጻፍኩት፣ ሳጥኑን አውጪው» ብለው አንድ መስመር ይጻፉላት። እባክዎ ቶሎ።

ሮዜር


ሴንት-ኤሎዋ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1912

ሮዜር፣

መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ፖስታው ጣቢያ ላይ ተኝቶ ከረመ። እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።

ደብዳቤህን አነበብኩት። ከዚያ ከጠረጴዛዬ አንድ ቁራጭ ቀንድ አንሥቼ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ተኮማተረ፣ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፣ ጠፋ። ቤቴ እስካሁን ቆሟል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቀንድ ሳለሰልስ፣ ስቀቅል፣ ሳጎብጥ ኖሬ፣ ዛሬ ከጥጥ የተሠራ ቀንድ አለ ብሎ የሚያስተምረኝ ተማሪ መጣልኝ! ነገ ደግሞ ከወተት የተሠራ በሬ አለ በለኝ።

አልተቆጣሁህም። ወንድሙን እሳት የወሰደበት ልጅ በሁሉም ነገር ውስጥ እሳት ያያል። እኔም ታናሼ በወንዝ ከተወሰደ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከጉድጓድ ውሃ አልቀዳሁም።

አሁን ደህናውን ነገር ስማ። ቤቴ ባዶ ነው። እናትህና ትንሿ ወደ እኔ ይምጡ። ላሟን ያልባሉ፣ እኔም ሰው አየሁ እላለሁ። አንተ ትምህርትህን ጨርሰህ በበጋ ትከተላቸዋለህ። እናትህ ሳጥኑን ይዛው ትምጣ። ዕቃ በሚጫንበት ፉርጎ እንዳትሰደው፣ እዚያ ይበርዳል። የምትቀመጥበት ሥር፣ የእንፋሎቱ ቧንቧ አጠገብ ታድርገው። በልጄ ሥራ ላይ እጄን ማሳረፍ እፈልጋለሁ። ሌላ የምለምናችሁ ነገር የለኝም።

አጎትህ ቴሌስፎር


ለሚንስተር፣ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1912

ለተከበሩት አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። እማዬ ጥሪዎን ስትሰማ አለቀሰች፣ ከዚያ ሻንጣ ማውጣት ጀመረች። ማርች 16፣ ቅዳሜ፣ ባቡር ይሳፈራሉ። ሳጥኑን ከእግራቸው ሥር፣ ቧንቧው አጠገብ ለማድረግ ወስናለች፤ ልክ እንዳዘዟት። መንገዱ ረጅም ነው፣ ፉርጎውም ሰው ይሞላዋል።

ይቅርታ ያድርጉልኝና እውነቱን ልንገርዎ። ሳጥኑ ተለውጧል። መጀመሪያ ካምፎር ብቻ ነበር የሚሸተው። አሁን ካምፎሩ እየሳሳ ሌላ ሽታ መጥቷል፤ አፍንጫ ይወጋል፣ ዓይን ያስለቅሳል። የመዝጊያው የነሐስ ሚስማሮች ዝገው አረንጓዴ ወዝ አወጡ። ኦቪድ ሚዶዎቹን የጠቀለለበት ጋዜጣ ቡናማ ሆኖ ስነካው እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረፈረ። እማዬ «ቀንዱ ሙቀት አግኝቶ ወዙን እያወጣ ነው፣ አጎትህ ሰላም ያገኛል ብሎ የለ» አለችኝ።

ከኦቪድ ጎን ሲሠራ የነበረውን ናዛሬኖን አምጥቼ አስሸተትኩት። ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው ነው፤ ገና ከበሩ ሽታው ሲመታው ቀልዱን ተወ። ውጭ ስንወጣ፣

«ይሄ ቁርጥራጭ ነው፤ አሲዱ በደንብ ያልታጠበለት። ሲሞቅ ራሱን ይበላል። ሲበላ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበላል። አንድ ቀን ማንም ክብሪት ሳይጭርበት እሳት ይነሣበታል» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ቀንድ ትሉታላችሁ?»

«የበሬውን መሰለህ?» አለ፤ ሁለት ጣቱን ግንባሩ ላይ ቀስሮ። «የሰይጣኑን ነው።»

ለእማዬም ነገራት። ግን እንግሊዝኛው ጣልያንኛ፣ የእሷ ደግሞ ፈረንሳይኛ ሆነና፣ የመጣው ሊያጽናናት መስሏት ኬክ ቆርሳ ሰጠችው።

ስለዚህ እርስዎ ራስዎ እንዲያዩት አንድ ስንጥር ልኬልዎታለሁ፤ ከጥፍር አይበልጥም። ወረቀቱ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ቀንድ እንዳይመስልዎ። ውጭ፣ በረዶ ላይ ያስቀምጡት። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ እሳት አድርገው ከሩቅ ይንኩት። በእጅዎ እንዳይዙት። ቤት ውስጥ እንዳያደርጉት። እለምንዎታለሁ።

ካልነደደ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም፤ ሳጥኑንም ባቡሩ ድረስ እኔው እሸከምላታለሁ። ከነደደ ግን ከማርች 16 በፊት ይጻፉላት። በዚያ ባቡር ላይ ያሉት የቀሩኝ ሁሉ ናቸው።

ሮዜር


ሴንት-ኤሎዋ፣ ማርች 10 ቀን 1912

ሮዜር ልጄ፣

ጽሑፌ ቢያስቅህ አትፍረድብኝ፣ በግራ እጄ ነው።

ውጭ ብለኸኝ ነበር። ውጭ ይበርዳል አልኩና ጠረጴዛዬ ላይ በጣቴ ያዝኩት። መጀመሪያ በቢላ ፋቅሁት። ቢላዬ ሥር ድምፁ ሌላ ነበር። አሸተትኩት። ቀንድ ሲፋቅ በረት በረት ይላል፤ ይሄ መድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት አለኝ። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ግትር ሽማግሌ ስለሆንኩ ሻማውን አስጠጋሁት።

ልጄ፣ እሳት እንዲህ ሲይዝ አይቼ አላውቅም። ያዘ ልልህ አልችልም፤ ገና ሳይነካው ነበልባል ሆነ። ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ውሃ ባልዲው ውስጥ እስክከተው ድረስ ሁለት ጣቴን አቃጥሎ ጢሜን ወሰደው። ሽታው እስከ አሁን ከጉሮሮዬ አልወጣም። ከጥፍር የማይበልጥ! ከዚያ ተቀመጥኩና አንድ ሳጥን ሙሉ አሰብኩ። ምድጃ ጀርባ። በእኔ ትእዛዝ። ከዚያ ባቡሩን አሰብኩ።

ከዚህ በታች ያለውን ለእናትህ እንዳለ አንብብላት፣ ምንም እንዳትቀንስ፦

ፊሎሜን፣ ተሳስቻለሁ። ስለ በሬ ቀንድ ነበር ያወራሁት። ቤትሽ ውስጥ ያለው ኦቪድን የገደለው ነው። ዛሬውኑ ወደ ብርዱ አውጪው። ከትንሿ ፀጉር ላይ ያለውንም። ልጅሽን ስሚው። ሳጥኑን ሳትይዢ ነይ፣ እኔ ልጁን እንጂ ሳጥኑን አልነበረም የምፈልገው።

ሮዜር፣ ለእናትህ የጀመረላትን ሚዶ አግኝተህ በወረቀት ላይ ሣልልኝ። መጠኑን፣ ጥርሱን፣ ጌጡን፣ ሁሉንም። ጥሩ የበሬ ቀንድ አለኝ። ጣቴ ሲድን እሠራዋለሁ።

እግዚአብሔር ስለ ፍርሃትህ ይባርክህ።

አጎትህ ቴሌስፎር


ለሚንስተር፣ ማርች 17 ቀን 1912

ኦቪድ ወንድሜ፣

የአጎት ቴሌስፎር ደብዳቤ የደረሰው ዓርብ ነው፣ ሳጥኑ በገመድ ታስሮ በሩ ሥር ከቆመ በኋላ። ፖስታ ቤት ሄጄ ስመለስ ደረጃው ላይ ከፍቼ አነበብኩትና እዚያው ተቀመጥኩ። ከፎቁ ሥር የሚኖሩት ማዳም ፑለን ብቅ ብለው «ደግሞ ማን ሞተባችሁ?» አሉኝ። «ማንም» ብዬ ሮጥኩ።

ለእማዬ እንዳለ አነበብኩላት። ብላንዲንን ወደ ራሷ ሳበቻት። ሚዶውን ከፀጉሯ ላይ ቀስ ብላ፣ አንዲት ፀጉር ሳትነቅል አወጣችው። ብላንዲን ጮኸች፣ «የኔ ነው! ኦቪድ ነው የሠራልኝ!» እማዬ «እንደሠራልሽ አውቃለሁ» አለቻት፤ ከዚያ ሚዶውን ሳጥኑ አናት ላይ አኖረችው። ሳጥኑን በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላ በኩል እኔ ይዘን ወደ ማገዶ ቤት መለስነው። ገመዱ የነካው ቦታ ሁሉ ይጣበቃል። በመንገዳችን ላይ እንዳትወድቅ እፈራ ነበር። «ተጠንቀቂ» ስላት «አንተ ነህ የምትንቀጠቀጠው» አለችኝ።

ትናንት ተሳፈሩ። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እማዬ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ብቻህን አትክፈተው።» ከባቡሩ ሳልወርድ ከመቀመጫቸው ሥር ያየሁት ሻንጣና የብላንዲን እግር ብቻ ነበር።

ብቻዬን ከፈትኩት። ናዛሬኖ ሊረዳኝ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ከማንም ጋር ልከፍተው አልፈለግሁም። ፋብሪካው ቁርጥራጩን ውሃ በርሜል ውስጥ ነው የሚያኖረው ብለኸኝ ታውቃለህ። እማዬ ልብስ የምታጥብበትን ገንዳ ግቢው መሐል አውጥቼ በውሃ ሞላሁት። በረዶም ጨመርኩበት። ከዚያ አንድ አንድ እያነሣሁ፣ ሳላፋጭ፣ ሳልወረውር፣ ውሃው ውስጥ አኖርኳቸው። ሁሉም ሰመጡ። አንዳንዶቹ ላብ የመሰለ ነገር አውጥተው ተጣብቀው ነበር፤ አንዳንዶቹ ላይ የእርሳስህ ምልክት አሁንም ይታያል። ዓይኔ ያነባ ነበር። አሲዱ ነው ያልኩት ለራሴ ነው።

የእማዬ ሚዶ ከታች ነበር። ቢጫ ሆኗል፣ መሐሉ ተሰንጥቋል። አናቱ ላይ የቀረጽከው አበባ አንድ ቅጠል ይጎድለዋል፤ ገና ልትቀርጸው እንደነበር ይገባኛል። ወደ ቤት አላስገባሁትም። ማገዶ ቤቱ ደፍ ላይ በረዶ ላይ አስቀምጬ፣ ወረቀት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሣልኩት። ጥርሱን በሙሉ። ጣቴ በብርድ ደንዝዞ መስመሩ ጠመመብኝ፣ እንደገና ሣልኩት። የጎደለውን ቅጠል አልጨመርኩም። ለአጎት ቴሌስፎር እተውላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይጨምሩት። ከዚያ ሚዶውንም ውሃ ውስጥ አስገባሁት፣ የብላንዲንንም ከጎኑ። የገንዳውን ክዳን ገጠምኩ፣ ድንጋይ ጫንኩበት።

ቤት ስገባ ማንም የለም። ምድጃው ከትናንት ጀምሮ ቀዝቅዟል፤ የሚያቀጣጥለው ሰው አልነበረም። እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ፣ ልብሴን ቀየርኩ፣ ያወለቅሁትን ውጭ ሰቀልኩት። ኮትህ አሁንም በሩ ጀርባ አለ። አሸተትኩት፤ ካምፎሩ ጠፍቷል፣ ሱፍ ብቻ ነው የሚሸተው።

ማገዶ ደረደርኩ። ክብሪቱን አንሥቼ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ጫርኩት። የማገዶው ስንጥር ሥር አስጠጋሁት። መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ጫፉ ቀላ፣ ቀስ ብሎ ያዘ፣ እንጨት እንደሚይዘው።

ሮዜር